ዝም ያለች ወፍጮ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2001

ይቺን አጀንዳ ከወረዳው የወጣቶች ስልጠና ነው ያገኘኋት። ሌሎቹ የደረሳቸውን ለእህታቸው ምናምን ሰጡ። እኔ ልጻፍባት አልኩ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ግን እጅ ጽሑፌ ከቀበሌው ጸሐፊ ይበልጣል። ማንም ይመስክር።

ዛሬ አዲስ ነገር የለም። ጠዋት ሞተሯን አስነሳሁ። እጃጂ ከተማችን ውስጥ ያቺን የናፍጣ ወፍጮ ሞተር እንደኔ የሚያስነሳ ማን አለ? ባለቤቷ ኦቦ ሞቱማ እንኳ ወገባቸው እምቢ ብሏል። የማስነሻ ብረቷን ይዤ ሽክርክር፣ ሽክርክር፣ ልቅቅ... ቱክ! ቱክ! ቱክ! እንዲህ የሚያስጮኻት የጭስ ማውጫዋ፣ የማርሚታዋ፣ አፍ ላይ የተገጠመችው ቆርቆሮ ናት። ጋራው ላይ ያለችው ጎሮ መንደር ድረስ ትሰማለች። የጎሮ ሴቶች እሷን ሲሰሙ ነው እህል አዝለው የሚወርዱት። በኔ እጅ ነው አገሩ እንጀራ የሚበላው ማለት ነው... ማን ያምናል?

ማታ ጥቀርሻ ሆኜ ገባሁ። አፍንጫዬ ውስጥ ሁሉ ናፍጣ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ዛሬም ስልጠና ነበር፤ አሰልጣኙ ከአምቦ ነው የመጣው። ከረባት አድርጎ። "ዘመኑ የኢንፎርሜሽን ነው፣ ኋላ የቀረ ይረገጣል" አለ። ሌላው ያንቀላፋል። እኔ ግን ልቤ ዘለለ። ስሪ ፌዝ የሚሉት ኃይለኛ የመብራት መስመር በወፍጮ ቤታችን ደጅ አልፏል እኮ! እኛ በናፍጣ እንታጠናለን።

ሄጄ ለኦቦ ሞቱማ ነገርኳቸው። የመብራት ሞተር እናምጣ፣ ይቺን አሮጊት እንሽጣት።

"ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ አሮጊት ያልካት አንተን አሳድጋሃለች።"

እውነት ነው፣ አሳድጋኛለች። ግን እኔም አድጌያለሁ።

ታሪኳን ደግመው ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ የገበሬዎች አገልግሎት ማህበር ንብረት ነበረች፣ እሳቸው ተቀጥረው ይፈጩባት ነበር። ሰማንያ ሦስት ላይ መንግሥት ሲወድቅ ሰው የማህበሩን ቆርቆሮ፣ በር፣ መስኮት ነቅሎ ወሰደ። ሞተሯን ግን ማን ያንቀሳቅሳት? እሳቸው የማስነሻ ብረቷን ይዘው ቤታቸው አልጋ ስር ከተቱ። በኋላ በጨረታ ስትወጣ በሬዎቻቸውን ሽጠው ገዟት። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ወሬ ስሪ ፌዝ አይሆንም አልኳቸው። ሳቁ። ሲስቁ ደግሞ መሸነፋቸው ነው...

ዓርብ፣ የካቲት 27

ተሸነፉ! እኔ ሌታ ከፈለግኩ ድንጋይ አሳምናለሁ።

ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስቡት በአይሱዙ መጡ። ሞተሯን በሰንሰለት ጎትተው ጫኑ። ኦቦ ሞቱማ ከመጫኗ በፊት ማርሚታዋ ላይ ያለችውን ቆርቆሮ ፈትተው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

"ምን ያደርግልዎታል?"

"ምን አገባህ?"

አይሱዙው ሲሄድ ወደ ቤት ገቡ፣ አላዩም። እኔ ግን እስከ አስፋልቱ ሸኘሁ። እያጨበጨብኩ። ቮላኖዋ፣ ያ ትልቁ የብረት መሽከርከሪያዋ፣ ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ...

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

አዲሷ ሥራ ጀመረች። ማብሪያውን ጫን፣ በቃ። እዝዝዝ... እንደ ንብ። ዱቄቷ ሐር። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ዋልኩ፣ ጠብታ ጥቁር የለም። ሞባይል የሚጠግነው ጓደኛዬ ጂራ መጥቶ "ኢንጂነር ሌታ!" አለኝ። ቀልዱን ነው፤ ግን ምን ያንሰኛል?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19

ሰው የለም። የከተማው ሁለት ሦስት ሴት መጣች፣ ሄደች። ከጎሮ አንድም። ለምን? አዲስ ነገር ፈርተው ይሆናል። ይለምዳሉ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 22

ዛሬ የሆነውን ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

አንድ ሽማግሌ ከጎሮ ወረዱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ቀጥታ ኦቦ ሞቱማ ቤት ገብተው ሊያለቅሱ አፋቸውን ሲከፍቱ... ኦቦ ሞቱማ ቁጭ ብለው ባቄላ ይቆረጥማሉ!

"አንተ! አልሞትክም እንዴ?"

"እስካሁን አልሞትኩም። ማን ነገረህ?"

"ወፍጮህ ዝም አለች እኮ። እኛማ ሄደ አልን።"

ሁለቱም ሳቁ፣ እስኪያስነጥሳቸው። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ጎሮ ሁሉ ተዘግቷል ብሎ ነዋ ያሰበው! እህሉን ወንዝ አሻግሮ ይገዙ ወደሚባለው ሰውዬ ወፍጮ ነው የሚወስደው። የይገዙ በናፍጣ ናት፣ ትጮሃለች።

ማታ መንገድ ላይ አዴ ብርቅነሽን አገኘኋት። የጎሮ ሴት ናት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳዋን ብቻዋን ነው የያዘችው። ከይገዙ ዱቄት አዝላ እየተመለሰች ነበር። የኛ ቅርብ ናት ክፍት ናት ብላት "ታዲያ ለምን አትናገርም?" አለች።

ወፍጮዋን ማለቷ ነው እንጂ እኔን አይደለም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 2

መላ አገኘሁ። አእምሮዬ እኮ ይሠራል!

ከጂራ ጋር ወደ ይገዙ ወፍጮ ሄድን። ጂራ የቻይና ሞባይሉን ኪሱ ከቶ ገበያተኛ መስሎ ግድግዳው ሥር ተጠጋ። ቱክ ቱኩን ቀዳን። ይገዙ ወጥቶ "ምን ፈለጋችሁ?" ሲል ጂራ "ጥላ" አለው። ልሞት በሳቅ።

ከዚያ ድምፅ ማጉያ ከጂራ ሱቅ፣ የመኪና ባትሪ፣ ሽቦ። ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ አሰርኩት። ጠዋት እለቀዋለሁ።

ኦቦ ሞቱማ ሙከራውን ሰምተው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ይቺ የይገዙ ናት። የኔ እንዲህ አታነጥስም።"

የርስዎን ቆርቆሮ ይስጡኝ፣ ማጉያው አፍ ላይ ልግጠማት፣ የርስዎን ትመስላለች አልኳቸው።

"ሞተር ሲሠራ ነው የምትጮኸው" አሉ። አልሰጡኝም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 8

ሰው! ሰው! ለፋሲካ የሚያስፈጭ እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል። ጎሮ ሁሉ ወረደ። አንዷ "ሞተሯ ተሻላት?" አለችኝ። አዎ፣ ፔኒሲሊን ወጋናት አልኩ።

አዴ ብርቅነሽም መጣች። "አሁን ተናገርክ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

አሰልጣኙ ሌሎች ሁለት ባለ ከረባት ይዞ መጣ። ማጉያውን አየ፣ ባትሪውን አየ፣ ፎቶ አነሱኝ። "ይሄ ነው ኢኖቬሽን የሚባለው!" አለ። ቃሏን እንዳትጠፋኝ ክንዴ ላይ ጻፍኳት። አምቦ ኤግዚቢሽን ላይ ይወስዱኛል መሰለኝ። ጂራ ማጉያው የኔ ነው እያለ ያጉረመርማል። ሐሳቡስ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

መብራት በፈረቃ ሆነ። ግድቡ ውኃ የለውም አሉ። አንድ ቀን ለኛ፣ አንድ ቀን ለሌላ። ግን ፈረቃውንም አያከብሩም። ዛሬ ተራችን ነበር፣ የለም።

ምን ላድርግ? ማጉያው ዝም ካለ ሰው ተዘጋ ብሎ ይገዙ ጋ ይሄዳል። አንዴ ከሄደ ማን ይመልሰዋል? በባትሪ ስለሆነ ማጉያው ያለ መብራትም ይጮሃል... ልልቀቀው? ይምጡ፣ ይጠብቁ፣ መብራት ይመጣል።

ለቀቅኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ሠራ! ትናንት መብራት ሳይኖር ለቀቅኩት፣ ሰው መጣ፣ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከሰዓት በኋላ ቦግ! ፈጨሁላቸው። እህላችሁን ትታችሁ ሂዱ ብላቸው ግን እምቢ። እህሉን ትቶ የሚሄድ የለም እኛ ጋ፣ የራሱን ዱቄት ዓይኑ እያየ ካልተቀበለ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።

ኦቦ ሞቱማ ምን አሉ? "መብራት ባይመጣስ?"

መጣ እኮ! የሚሆነውን ትተው የማይሆነውን...

ዓርብ፣ ግንቦት 14

መጻፍ አልፈልግም። ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጠዋት መብራት አልነበረም። ለቀቅኩት። አዴ ብርቅነሽ በቆሎ በጆንያ አዝላ ወረደች፣ ልጇ ዱረቲ ሌላ ይዛ ከኋላ። ነገ ደቦዋ ነው። የጎሮ ወንዶች በሬያቸውን ይዘው ማሳዋን ሊያርሱላት። የሚበሉት ዱቄት ነው ይሄ።

"መብራት አለ?"

"አሁን ይመጣል።"

ተቀመጠች። ጥላው ዞረ። "አሁን ይመጣል" አልኩ። ሌሎቹ ተነስተው ሄዱ። እሷ "ይገዙ ጋ ልሂድ ይሆን?" አለች። አትልፊ አዴ፣ ደውዬ ጠይቄያለሁ አልኳት። ማን ጋ ደወልኩ? ማንም ጋ።

ሲመሽ አካባቢ ተነሳች። የይገዙ እንኳ ድምፅዋ ተቋረጠ፣ ዘግቷል። ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ጋራው ሥር ሲደርሱ ያዛቸው። ከደጅ ሆኜ አያለሁ፣ ዱረቲ ጭቃው ላይ ወደቀች፣ ጆንያዋ ተፈታ...

ሄጄ ላነሳት ነበር። ከደጁ አላለፍኩም። ምን ብዬ?

ከሄዱ በኋላ መብራት መጣ። ቦግ አለ። ብቻዬን ቆሜ አየሁት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ከጎሮ የወረደ ሰው ነገረን። ወንዶቹ መጡ፣ የሚበላ የለም። ርጥብ በቆሎ ቆልታ ሰጠቻቸው። ትንሽ አረሱ፣ ከዚያ በሬያቸውን ይዘው ወደሌላው ሰው ማሳ ሄዱ። ተራዋ አለፈ። ደቦ እንደገና እስኪዞርላት ዘሩ ጊዜው ያልፋል።

ኦቦ ሞቱማ አጠገቤ ሆነው ሰሙ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

መብራት አለ። ማጉያው ይጮሃል። ሰው የለም።

ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በደጃችን ሲያልፉ በአፋቸው "ቱክ ቱክ... ሶባ! ቱክ ቱክ... ሶባ!" ይላሉ። ውሸት ውሸት እያሉኝ ነው በኦሮምኛ። ድንጋይ አንስቼ ነበር። መልሼ ጣልኩት።

ማጉያውን ዘጋሁ።

ከሰዓት ኦቦ ሞቱማ መጥተው ማብሪያው አጠገብ ቁጭ አሉ። "ማስነሻዋን አልጋ ስር የደበቅኩት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"እንዳትሰረቅ ነዋ።"

"ማን ሊሰርቃት? አንድ ቀን መልሼ ላስጮኻት ነው። የቀረውን ሁሉ ከዘረፉት ውስጥ ወንድሜም ነበረበት። አገሩ ተደበላልቆ ነበር፣ ሰው የሚያምነው ጠፍቶ። አንድ ጠዋት ተነስቼ አስነሳኋት። ያን ቀን እህል ያልነበረው ሰው እንኳ ሳይቀር መጣ። ወፍጮ ከጮኸች አገር ደህና ነው ብለው።"

ሊሄዱ ተነሱ።

"ክረምቱ እንዲህ ካለፈ አዲሷን ሞተር ሸጬ እዘጋለሁ። አንተም ወጣት ነህ፣ ሌላ ፈልግ።"

ሌላ ምን? እኔ እኮ ወፍጮ ነው የማውቀው። እነዚህ እጆች ሌላ ምን ያውቃሉ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 27

አምቦ ሄድኩ። አሮጊቷን ልመልሳት። እንዴት እንደምመልሳት ሳላውቅ።

የብረት ግቢውን አገኘሁት፣ ከአስፋልቱ በታች። ሰውዬው ሳቀብኝ። "እሷማ ቀልጣለች ወንድሜ። ፌሮ ሆና የሰው ፎቅ ውስጥ ናት።"

ቮላኖዋ ግን ነበር፣ ሣር በቅሎበት። ለብየዳ መደገፊያ አድርገውታል። እጄን አስቀመጥኩበት። ቀዝቃዛ ነው... ያጨበጨብኩት ትዝ አለኝ።

በሚኒባስ ስመለስ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደገፍኩ። ረዳቱ "ታመሃል?" አለኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 11

ማጉያውን አውርጄ ለጂራ መለስኩ። ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሰው ይመጣል፣ ስልኩን ያሠራል፣ ካርድ የለኝም ሚስኮል አደርጋለሁ ይላል። ሁሉም ሚስኮል። አንዱ ለሚስቱ፣ "አንዴ ካደረግኩ ወጥ ሥሪ ማለት ነው" ይላል።

ጂራን "ጎሮ ሞባይል ያለው ማን ነው?" አልኩት።

"አስተማሪ ዋቅቶላ። ከቤቱ በላይ ዋርካው ጋ ኔትወርክ አለ።"

ሚስኮል ነጻ ነው። አንዴ ከጮኸ መብራት አለ፣ ውረዱ። ሁለቴ ከጮኸ የለም፣ አትምጡ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የኔን ሚስኮል ማን ያምናል? ጂራ ራሱ ሳቀ። "አንተ? መጀመሪያ ብርቅነሽ ፊት ቁም" አለኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 18

ሄድኩ። ኦቦ ሞቱማን በሬ ለመንኳቸው። "ምን ልታደርግ?" ሳይሉኝ ሰጡኝ።

ዱረቲ ገና ከሩቅ ስታየኝ "እማዬ፣ ሶባው መጣ!" አለች። አዴ ብርቅነሽ በሩ ላይ ቆመች። የምለውን መንገድ ላይ ሙሉ አጥንቼ ነበር፣ ጠፋኝ።

"መብራት እንደሌለ አውቅ ነበር" አልኩ።

"እኔም በኋላ አወቅኩ።"

"ደውያለሁ ያልኩሽም ውሸት ነው።"

"እሱንም።"

ጥማዱን አየች፣ ወደ ማሳው ጠቆመች። ማረስ ከተውኩ ስንት ዘመኔ ነው! ትልሙ ጠማማ። እሷ ጓሮ ሆና "እባብ ነው እንዴ የምትከተለው?" ትላለች። ዱረቲ መሬት ላይ ትንከባለላለች በሳቅ። እጄ ተላጠ። ለበቆሎ አይደርስም፣ ለጤፍ ግን ይደርሳል አለች።

ስንቀመጥ የሚስኮሉን ነገር ነገርኳት። አዳመጠችኝ። ከዚያ፦

"በጩኸት ዋሸኸኝ። አሁን ደግሞ በዝምታ ልትዋሸኝ ነው?"

ተነስቼ በሬዎቹን ከቀንበር ፈታሁ፤ አስተማሪ ዋቅቶላ ቤት ሄድኩ።

አስተማሪ ዋቅቶላ ግን እሺ አለ። "እኔ ምን ቸገረኝ፣ ይጮሃል፣ እነግራቸዋለሁ። ካታለልክ ግን የማስተምራቸው ልጆች ዘፈን አውጥተውልሃል፣ ሁለተኛ አንቀጽ ይጨምሩበታል።"

ማክሰኞ፣ ሰኔ 23

መብራት መጣ። በስልኬ ለዋቅቶላ ደወልኩ፣ አንዴ፣ ዘጋሁ። ማንም አልመጣም። የከተማው ሰውም የለም። ኦቦ ሞቱማ መጥተው አዩ፣ ሄዱ። ለሞተሯ ገዢ ከሸነን እንደሚመጣ ሰማሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 6

መብራት ነበር። ድንጋዩ መዞሩን ዓይቼ፣ እጄን ሥሩ አስገብቼ ዱቄት ቢጤ ነክቼ፣ ከዚያ ደወልኩ። አንዴ።

ጠበቅኩ። ጭጋግ ነው፣ ጎሮ አይታይም። ተስፋ ቆርጬ በሩን ልገፋ ስል ከጭጋጉ ውስጥ አዴ ብርቅነሽ። ጆንያ የለም። እጇ ላይ ጨርቅ ውስጥ የታሰረች እፍኝ በቆሎ፣ ዶሮ የምትበላት።

"ይቺን ብቻ?"

"ይቺን ያህል ነው የማምንህ።"

ፈጨሁላት። ድንጋዩ ሳይሰማት አለቀች። ዱቄቱን በመዳፏ ያዘች፣ አሸተተች፣ ቋጠረች። እንደመጣች ወጣች። ለዚህች ነው ያን ዳገት የወረደችው?

ኦቦ ሞቱማ ከጓሮ ያዩ ነበር። ሲመሽ ያቺን ቆርቆሮ ይዘው መጥተው ከማብሪያው በላይ ሚስማር ላይ ሰቀሏት። "አይታ እንድትታዘብህ" አሉኝ። ስለ ገዢው ስጠይቃቸው "ዝናቡ ያባራ" አሉ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 14

ጠዋት መብራት የለም። ተራችን ነው፣ ግን የለም። ነገ ገበያ ነው፣ ጎሮ ሁሉ ዛሬ ነው የሚያስፈጨው። የይገዙ ሞተር ከወንዙ ማዶ ቱክ ቱክ ይላል፣ ዛሬ ደግሞ ምን ያጮኸዋል! ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ዝም ብል ይሻል ይሆን? ዝም ብል የሚመጣ ይመጣል፣ ምናልባት መብራቱም... አንዴ ደውዬ ብዘጋስ? ጣቴ ላይ ነበረች።

ሁለቴ ደወልኩ። ጮኸ፣ ዘጋሁ። ጮኸ፣ ዘጋሁ። በቃ፣ ሰዎቹን በገዛ እጄ ለይገዙ ሰጠኋቸው። እንዲህ ዓይነት ነገር አድርጌ አላውቅም።

ስልኩን ኪሴ ልከት ስል ጮኸ። የዋቅቶላ ቁጥር። ሚስኮል መስሎኝ ጠበቅኩ፣ አልቆመም። እውነተኛ ጥሪ ነው፣ ካርድ እያስቆጠረ! አነሳሁት።

"ሄሎ! ይሰማል? ብርቅነሽ ነኝ! ሄሎ!" ጋራ ለጋራ እንደሚጠራሩት ነው የምትጮኸው፣ ስልኩ ሳያስፈልጋት ይሰማኛል።

"ይሰማል አዴ። ዛሬ የለም።"

"ሰማሁ፣ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ለዚህ ነው የደወልኩት። ጆንያውን ከጀርባዬ አውርጃለሁ፣ ሙሉ ነው። ይገዙ ጋ አልሄድም፣ ወንዙ ሞልቷል። ነገ ካለ አንዴ በል።"

"ከሌለ?"

"ከሌለም ሁለቴ በል እንጂ! ዋቅቶላ ካርዱ አለቀ እያለኝ ነው፣ በል ቻው።"

ለኦቦ ሞቱማ ሮጬ ልነግራቸው ነበር። በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ሙሉ ጆንያዋ ሲመጣ ዓይናቸው ያየዋል።

ቁጭ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ወፍጮዋ ዝም አለች። እኔም።